ኳስ የተቀዳበት የክርስትና ካሴት

በአንድ ወቅት፣ ወቅቱም እምብዛም ሩቅ ሳይሆን፣ በድሬዳዋ ከተማ ሦስት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ነበሩ። ወሬያቸውን የማወራችሁ እንድትስቁበት ብቻ አይደለም፤ እንድትፈርዱበት ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ፈርጄ ሦስቴም በራሴ ፍርድ ላይ ይግባኝ ብያለሁ። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ ስለማይበረክት እኔም እንደ አገሬ ትልቁንም ትንሹንም «እሱ» «እሷ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ቅር የሚላችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ።

ትልቁ ወንድም ግዛቸው ይባላል። ከድሬ ሐረር ሚኒባስ ይነዳል፤ ድምፁ ከመኪናው ጡሩንባ ስለሚበልጥ ጡሩንባው ሲሰበር እንኳ አላሠራውም። መካከለኛው አስናቀ ከፊራ ገበያ አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ደህና ዕቃ ደስ አይለውም፤ የተበላሸ ነገር ሲያመጡለት ግን ፊቱ ይበራል። ሦስተኛው ዮናታን ሳቢያን ሰፈር የፎቶና የኮምፒውተር ቤት አለው፤ ቃል ቆጣቢ ነው፣ ሰላምታ እንኳ በአንገቱ ይሰጣል። የሁሉም መጨረሻ ሶስና ናት። ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ድምጿ እንደ ወንድ ጎርናና ስለሆነ በስልክ «ጌታዬ» ይሏታል፣ እሷም ታግሳ መድኃኒቱን ትነግራቸዋለች።

እናታቸው ጥሩወርቅ ሶስና ዳዴ ሳትል ነው ያረፈችው። አባታቸውም ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። እንግዲህ ሶስና ልትዳር አንድ ወር ሲቀራት የተነሳው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የማንን ጉልበት ትሳም?

ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ሙሽራ ስትወጣ ወላጅ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ጎንበስ ብላ ጉልበት ትስማለች፣ ትመረቃለች። ወላጅ ከሌለ ደግሞ በወላጅ ፈንታ የተቀመጠው ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወላጅ ነው። የመልሱ ድግስ የሚደገሰው እሱ ቤት ነው። ከባሏ ብትኳረፍ ጓዟን ይዛ የምትገባው እሱ ቤት ነው። የበኩር ልጇን ስትወልድ ገንፎዋን እየበላች የምትታረሰውም እሱ ቤት ነው። ባጭሩ፣ የሶስና «እናት ቤት» የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው በዚያች አንዲት ወንበር ነው።

የአባታቸው እህት እትዬ ሙላቷ ቤተሰቡን ሰብስባ ነገሩን ቶሎ ልትዘጋው ፈለገች።

«ምን ያከራክራል? ግዛቸው ታላቅ ነው፣ ግዛቸው ይቀመጥ።»

«ይሁን» አለች ሶስና። «ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ የእማዬን ድምፅ አንዴ ብሰማ ይበልጥብኝ ነበር። ፎቶዋን ሸምድጄዋለሁ። ድምጿን ግን አላውቀውም። ያ የክርስትናዬ ካሴት ባይጠፋ ኖሮ...»

የክርስትናው ካሴት ነገር እንዲህ ነው። ሶስና ክርስትና ስትነሳ ባለካሜራ ተጠርቶ ድግሱን በቪዲዮ ቀርጾ ነበር። በዚያ ዘመን ድግስ የተቀረጸበት ካሴት ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ የበላ ሁሉ ሲበላ ራሱን ማየት ስላለበት ከቤት ቤት ይዞራል። ዓመት ዞሮ የሚመጣ አለ፣ ዞሮ ዞሮ የሚቀርም አለ። የእነሱም ካሴት «ጎረቤት ተውሶ አጠፋው» ተብሎ ነበር የተረሳው። አባታቸው በዚህ የተነሳ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር ለሁለት ዓመት ሰላምታ አቋርጧል።

ሶስና ይህን ስትል ግዛቸውን ላብ አጠመቀው። ድሬ ነውና ላብ ብርቅ አይደለም፤ የሱ ግን ሌላ ነበር።

«ጎረቤት አላጠፋውም» አለ። «እኔ ነኝ።»

ከዚያም ተናዘዘ። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የታየ ዕለት፣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ ኳሱን ሊቀዳ ባዶ ካሴት ቢፈልግ አጣ። ሣጥን ውስጥ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ካሴት አገኘ። ካሴቱ ላዩ ላይ እንዳይቀዳበት ሆን ተብሎ ጠርዙ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ተሰብራለች፤ ይህን ማንም የዚያ ዘመን ሰው ያውቃል፣ መፍትሔውንም ያውቃል። ግዛቸው ከቅልጥሙ ላይ የኳስ ቁስሉን የሸፈነበትን ፕላስተር ልጦ ቀዳዳዋን ደፈነ፣ ኳሱን ቀዳበት። ማታውኑ መልሶ ሲያይ ኳሱ አልቆ ነጭ ጭረት መጣ፣ ከጭረቱም ኋላ የእናቱ ፊት ብልጭ አለ። ደንግጦ አጠፋው። በማግስቱ ካሴቱን ለጓደኛው ሰጥቶ ቤት ውስጥ «ጎረቤት ተውሶ አጠፋው» አለ።

 ሶስና ወደ ግዛቸው ዞረች።

«ቀድተህበት ስታጠፋው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርክ፤ እሺ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ‹ጎረቤት አጠፋው› ስትል ግን ትልቅ ሰው ነበርክ አቦ።»

 እሷም ብድግ ብላ፣ በሁሉም ፊት፣ በዚያ ጎርናና ድምጿ እንዲህ አለች፦ «ስሙኝ። የእናቴን ድምፅ ያሰማኝን ሰው ጉልበቱን እስማለሁ። እናት ቤቴም የእሱ ቤት ነው። ታላቅ ታናሽ የለም።»

በንዴት የተባለ ነገር ነው። ግን ተባለ፤ እትዬ ሙላቷም ሰማች፣ እትዬ ሙላቷ የሰማችውን ደግሞ ከፊራ ገበያ በሙሉ ሰማው።

ግዛቸው በማግስቱ ሚኒባሱን ባዶውን አስነሳ። ሾፌር ተሳፋሪ ሳይጭን ሲሄድ ያየ የመናኸሪያ ሰው «ሰው ሞቶበት ነው» ብሎ አዘነለት። መጀመሪያ የሄደው ካሴቱን ወደ ሰጠው ጓደኛው ወደ ሙክታር ነው። ሙክታር ድሮ የሰፈሩ ቡድን በረኛ ነበር፤ ዛሬ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ነጋዴ ነው። «ያንን ካሴት? አቦ ስንቴ አይቼዋለሁ! ኋላ መጋላ ሰፈር ለነበረው ቪዲዮ ቤት ሰጥቼ ሁለት የሕንድ ፊልም ለወጥኩበት» አለው። መጋላ ሲደርስ ቪዲዮ ቤቱ ልብስ ስፌት ቤት ሆኗል። ባለቤቱ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ፣ «ቪዲዮ ቤቱን ስዘጋ ካሴቶቼን ጠቅልሎ የወሰዳቸው አብዲ የሚባል የስፖርት መምህር ነው፤ አሁን ጅግጅጋ ነው ያለው። ኳስ ያለበትን ነገር አይጥልም» አለው። ግዛቸው ጅግጅጋ ገባ። መምህር አብዲም ጣሪያው የሚያፈስ ዕቃ ቤት ከፍቶ ሦስት መቶ ያህል ካሴት በጆንያ አሳየው። ጽሑፋቸውን አይጥ በልቶታል። ግዛቸው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሁለት ቀን ሙሉ እያንዳንዱን ካሴት እያነሳ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጣቱ የደረቀ የቁስል ፕላስተር ነካ። ያኔ ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። መምህር አብዲ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ይዞለት መጣና ከበላዩ ቆሞ ጠየቀው፦ «ስንት ጎል ቢገባባችሁ ነው እንዲህ የምታለቅሰው?»

ካሴቱ ድሬ ሲገባ አስናቀ ተቀብሎ ክዳኑን ከፈት አደረገና ወዲያው መልሶ ዘጋው። ውስጡ እንደ ሰነበተ ዳቦ ሻግቷል። «ይህን አሁን ማጫወቻ ዴክ ውስጥ ብትከቱት ዴኩም ይሞታል ካሴቱም ይሞታል» አለ። ሱቁን ከውስጥ ቀረቀረ። ደጅ ደንበኛ «ቴሌቪዥኔን! ዛሬ ኳስ አለ!» እያለ በሩን ሲደበድብ አልሰማም አለ። አምስቱን ብሎን ፈትቶ ክሩ የተጠመጠመባቸውን ሁለት ጥቅሎች አወጣ፣ ወንፊት ላይ አስቀመጠ፣ በሻሽ ሸፈነ፣ ጥላ ሥር አኖረው። የግንቦት የድሬ አየር ሦስት ቀን ነፈሰበት። ሻጋታው ደርቆ ዱቄት ሲሆን በለስላሳ ብሩሽ አራገፈው። ከዚያ ከሶስና ፋርማሲ አልኮልና ጥጥ አስመጣና ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር የሚሆነውን ክር ሜትር በሜትር፣ እየተነፈሰ ሳይሆን ትንፋሹን እየያዘ፣ ጠረገው። ወደ ክሩ መጨረሻ አካባቢ አንድ ስንዝር ያህል ተኮማትሮ ሻጋታ ጨርሶ በልቶታል፤ እሱን ቆርጦ ጣለና ግራና ቀኙን አጋጠመ። ይህን ሲያደርግ ማንንም አልጠየቀም። በኋላ ሲነግራቸው «ሐኪም ጣት ሲቆርጥ ዘመድ አይሰበስብም» አለ።

«ያስፈርማል እንጂ!» አለችው እትዬ ሙላቷ።

ማጫወቻም አልነበረም። በከተማው የቀሩት ዴኮች ሁሉ ወይ ሞተዋል ወይ የአበባ ማስቀመጫ ሆነዋል። አስናቀ ከሰባት ሬሳ አንድ ሕያው ሠራ፤ ከአንዱ ሞተር፣ ከአንዱ ጎማ፣ ከአንዱ ማንበቢያ እየወሰደ። ሲጨርስም አስጠነቀቀ፦ «ክሩ ስስ ሆኗል። አንድ ጊዜ ይዞራል። ወደ ፊት ማሳለፍ የለም፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ያቺን አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ካልቀዳችሁት፣ በኋላ እኔን እንዳትጠሩኝ።»

ኮምፒውተሩ የዮናታን ነው። ዕቃው ሁሉ ዝግጁ ነበር፤ ዴኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ገመድ ተሰክቷል፣ ወንበር ተደርድሯል። ዮናታን ግን አንገቱን ነቀነቀ። «አንዴ ብቻ ከሆነ የሚዞረው፣ መብራት ላይ አልተማመንም።» ሁለቱ ታላላቆች አበዱ። ሠርጉ ሊደርስ አሥር ቀን ነው የቀረው! ግዛቸው «ይሄ ልጅ ሲወለድም በምጥ ሁለት ቀን አቆይቶናል» አለ። አስናቀ ደግሞ «ክሩ በቆየ ቁጥር ይደርቃል፣ ያንተ ፍርሃት ይገለናል» አለ። ዮናታን ስድቡን በጸጥታ ተቀብሎ ለሁለት ቀን የባትሪን ኃይል ወደ መብራት የሚለውጥ መሣሪያ ፍለጋ ከተማውን አሰሰ። ሦስተኛው ቀን አገኘውና የግዛቸውን ሚኒባስ ባትሪ አስፈትቶ ዴኩንም ኮምፒውተሩንም እሱ ላይ አንጠለጠለ። ከዚያ በኋላ ነው «ይቻላል» ያለው።

እንግዲህ የዚያን ዕለት ቀትር ዮናታን ቤት የሆነውን ባያችሁ። ማሳለፍ ስለማይቻል ሁሉም ተቀምጠው የሃያ ስድስት ዓመት ኳስ ከነዕረፍቱ ማየት ነበረባቸው። ግዛቸው አንገቱን ደፍቶ፣ በኃጢአቱ ፊት እንደቆመ ሰው፣ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጎል ሲገባ ግን ረሳውና «ጎ—ል!» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ። ሶስና ጭኑን ቆነጠጠችው፣ ተቀመጠ። በሁለተኛው አጋማሽ ላይ የሰፈሩ ማራገቢያዎች በሙሉ ባንዴ ቀጥ አሉ፤ መብራት ሄደ። ውጭ ሰው ሁሉ «አይይ!» ሲል ዴኩ በሚኒባስ ባትሪ እያጉረመረመ መሽከርከሩን ቀጠለ። ዮናታን ወደ ታላላቆቹ ዞሮ ትንሽ አያቸው። እነሱም ወደ ኳሱ ዞሩ።

ኳሱ አለቀ። ነጭ ጭረት መጣ። ከጭረቱ ውስጥ ጥሩወርቅ ብቅ አለች።

ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ባለካሜራው፣ በዚያ ዘመን ወግ፣ እንግዳ ሁሉ ፊት እየዞረ «እስቲ መልካም ምኞት» የሚልበት ሰዓት ነው፤ የእናትየዋ ተራ ደርሷል። ጥሩወርቅ አፏን ከፈተች። ሕፃኗ ሶስናም አፏን ከፈተች፣ ከእናቷ በላይ ጮኸች። ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ልቅሶ ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ዴኩ አንዴ ሲጥ አለና ካሴቱን በላው። አስናቀ ሲከፍተው ክሩ እንደ መኮሮኒ ተጠቅልሎ ወጣ። ያ ሁሉ የተደከመለት ካሴት ከዚያ በኋላ ካሴት አልሆነም። የቀረው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

«አየኋት፣ አልሰማኋትም» አለች ሶስና። ተነስታ ወጣች። በዚያ ቀን የሳቀ አልነበረም።

ዮናታን ሱቁን ዘጋ። በዚያ ሳምንት ፎቶ ሊያነሳ ቀጠሮ የሰጣቸውን ሁለት ሠርጎች ለሌላ ሰው ለቀቀ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ልቅሶውን ከንግግሩ፣ የሳህኑን ድምፅ ከሰዉ ጫጫታ እየለየ ዝቅና ከፍ ያደርጋል። እናቱ ስትሞት አራት ዓመቱ ነበር፤ ድምጿን እሱም አያስታውሰውም። ስለዚህም ሁለት ቀን ሙሉ ለፍቶ የአንዲት ሴት ድምፅ ጥርት አድርጎ አወጣና፣ እንባው በዓይኑ ሞልቶ ታላላቆቹን ጠርቶ አሰማቸው። ድምፁ እንዲህ ይላል፦ «ዶሮውን ማን ነው የቀመሰው? ገና ካህናቱ ሳይባርኩት!»

«ይህቺማ እትዬ ሙላቷ ናት» አለ ግዛቸው፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። ከካሜራው ኋላ ሆና ስትጮህ የተቀረጸች።

ዮናታን ከዜሮ ጀመረ። በአምስተኛው ቀን አገኘው። ታላላቆቹን አልጠራም። ሶስናን ብቻ አስጠርቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጣትና ማዳመጫውን ከራሱ ጆሮ አውልቆ በእሷ ጆሮ ላይ አደረገ።

እናቷ እንዲህ አለቻት፦

«ኧረ አቦ፣ ያንን መብራት ከዓይኗ ዞር አድርግልኝ! ... መልካም ምኞት ነው? እሺ። ሶስና፣ የኔ እናት፣ ዛሬ ቤቱን በልቅሶ አናወጥሽው አይደል? ግድ የለም፣ ጩኺ። ስትዳሪ ተራው የኔ ነው፤ እኔ ደግሞ በእልልታ አናውጥልሻለሁ። ጉሮሮዬ እስከዚያ እንዳይረሳው አሁን ልሞክረው።»

ሞከረችውም። እልልታው ረጅም ነበር። ሕፃኗ ደንግጣ ዝም ስላለች ከሁሉም የጠራው እሱ ነው። ጥሩወርቅ ሳቀች፣ ወደ ሕፃኗ ጎንበስ አለችና «እና ደግሞ ልጄ...» ስትል ምስሉ ዘለለ። ከዝላዩ በኋላ ዝም ብላ ነው የምትታየው። ዴኩም ካሴቱን የበላው እዚያው ላይ ነው።

ሶስና ማዳመጫውን አውልቃ ዮናታንን አየችው።

«ድምጿ ጎርናና ነው! ዮኒ፣ እንደኔ ጎርናና ነው እኮ!»

ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ድምፅ ሲቀለድባት ኖራ፣ ከማን እንደመጣ ያወቀችው ያኔ ነው። ስታለቅስ ቆየች፣ ከዚያ ራባትና ከሱቁ ፊት ለፊት ሦስት ሳምቡሳ በላች። እኔ ሠርግ ላይ ብዙ ደስተኛ ሙሽራ አይቻለሁ፤ የዚያን ቀን ሶስናን ያህል የተደሰተች ግን አላየሁም።

የሠርጉ ዕለት ደረሰ። ዮናታን የኮምፒውተሩን ሥራ በፍላሽ አምጥቶ ከግድግዳው ቴሌቪዥን ላይ ሰካው። ሙሽራው ኤልያብ ከነሚዜዎቹ በር ላይ ደርሶ፣ የሰፈሩ ልጃገረዶች «አትገቡም» ብለው ይዘዋቸዋል፤ የመኪናው ጡሩንባ ሰፈሩን ያደነቁረዋል። ልክ በዚያ ሰዓት የጥሩወርቅ እልልታ ከቴሌቪዥኑ ወጣ። የግቢው ሴቶች ማን እንደጀመረው ሳያውቁ ተቀበሉት። ከጓዳ ያሉት ተቀበሉት፣ ከጎረቤት ያሉት ተቀበሉት። ያወቁት ሲያለቅሱ ያላወቁት እልል ይሉ ነበር። ሶስናም ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከመኝታ ቤት ወጣች።

ወንበሩ መሃል ሳሎን ተቀምጧል። ባዶ ነው።

«እንግዲህ ቃልሽ ቃል ነው» አለች እትዬ ሙላቷ። «የእናትሽን ድምፅ ያሰማሽ ማነው?»

ሦስቱም ወደ ፊት ወጡ። እስቲ አስቡት፣ ሦስት ጎልማሳ በአንድ ዓይነት ሱፍ፣ በድሬ ቀትር፣ ላባቸው እየወረደ።

«እኔ ባልናዘዝ ኖሮ ካሴቱ ዛሬም ‹ጠፋ› ነበር» አለ ግዛቸው። «ስሜን አዋርጄ ተናገርኩ፣ ጅግጅጋ ድረስ ሄጄ ከሦስት መቶ ውስጥ አወጣሁት። ያጠፋ ሰው ይመልስ አይደል የሚባለው? መለስኩ። ባትሪውም የኔ ነው።»

አስናቀ ሳቀ። «ያጠፋ ሰው ሲመልስ ዕዳውን ጨረሰ እንጂ ሹመት ይገባዋል? የክርስትናውን ሁለት ሰዓት፣ አባባ ሲጨፍር፣ ሁሉንም በኳስ አጥፍተኸዋል። ያመጣኸው ደግሞ ካሴት አይደለም፣ ሻጋታ ነው። በጥጥና በትንፋሽ ሕይወት የዘራሁበት እኔ ነኝ።»

«አንተ ደግሞ አንድ ስንዝር ቆርጠሃል» አለው ዮናታን ቀስ ብሎ። «‹እና ደግሞ ልጄ› ብላ ምን ልትል እንደነበር አሁን ማን ያውቃል? ዴክህም የቀረውን በላው። እናንተ ያመጣችሁላት ከንፈር ሲንቀሳቀስ ነው። ሶስና የጠየቀችው ድምፅ ነው፤ ድምፁን ጆሮዋ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«በጥላ ሥር ተቀምጠህ!» ጮኸ ግዛቸው። «እኛ ባናመጣልህ ያንን ማሽንህን ጆሮህ ላይ አድርገህ የምትሰማው የራስህን ሆድ ነበር። ለዚያውም ለእሷ ብቻ አሰምተህ እኛን እስከ ዛሬ ደጅ አስጠናኸን።»

«ቀድማ መስማት ያለባት እሷ ናት» አለ ዮናታን። 

እትዬ ሙላቷ ቤታቸውንም መዘነች፤ ሴትዮዋ ነገር አይቀርባትም። የግዛቸው ቤት ሰፊ ነው፣ ነገር ግን አምስት ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ነው፤ አራስ እዚያ እንቅልፍ አታገኝም። የአስናቀ ቤት ጸጥ ያለ ነው፣ ሚስቱም ደግ ናት፣ ግን ከአልጋው ሥር ሳይቀር የሞተ ቴሌቪዥን ተከምሯል። ዮናታን ሚስትም የለው፣ ያለችው ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል ናት፤ ገንፎውን ማን ያገነፋል? በር ላይ ሙሽራውን የያዙት ልጃገረዶች እንኳ ነገሩ ደርሷቸው ለሦስት ተከፍለው መከራከር ጀምረው ነበር። ሚዜዎቹ በዚህ መሃል ሹልክ ብለው ገቡ።

አንዱ ሚዜ፣ ሰላም ወዳድ ልጅ፣ «ሦስቱንም ጉልበት ትሳማ! ምን ችግር አለው?» አለ።

እትዬ ሙላቷ ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ልጄ፣ ሦስት እናት ቤት ያላት ልጅ እናት ቤት የላትም። ስትኳረፍ በሦስት በር መሃል ቆማ ታድራለች።»

ሁሉም ወደ ሶስና ዞሩ። ግዛቸው ዓይኑን ሰበረ፤ ከዚያ ካሴት ጋር ሃያ ስድስት ዓመት የተሸከመው ነገር ዛሬ ይወርድለት እንደሆን እየጠበቀ ነበር። አስናቀ አልኮል የላጠውን ጣቱን ከሱፉ ጀርባ ደበቀ። ዮናታን፣ እናቱን የማያስታውሰው ዮናታን፣ ወንበሩን ሳይሆን እህቱን ያያል። ሦስቱንም ትወዳቸዋለች። በንዴት የገባችው ቃል እንዲህ እንደሚከብድ መቼ አስባ?

«እማዬ አንድ ነበረች» አለች በመጨረሻ፣ በዚያ በእናቷ ድምፅ። «አንዳችሁን ‹ተቀመጥ› እስክል ትንሽ ታገሱኝ።»

ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ወንበሩ ሄደችና እጇን በመደገፊያው ላይ አደረገች።

እኔ እዚህ ላይ አቆማለሁ። የተቀመጠውን አውቀዋለሁ፣ የመልሱንም ድግስ እሱ ቤት በልቻለሁ፤ ብነግራችሁ ግን «እሷ ፈርዳለች» ብላችሁ አርፋችሁ ትተኛላችሁ፤ እንድትተኙ ደግሞ አልፈልግም። እሷን ተዉአትና እናንተ በእሷ ቦታ ሁኑ። አጥፍቶ የተናዘዘውና ፈልጎ ያመጣው አለ። የበሰበሰውን ያዳነውና አንድ ስንዝር የቆረጠው አለ። ተሰድቦ የታገሰውና ድምፁን ከልቅሶ ውስጥ ያወጣው አለ። ከሦስቱ አንዱ ባይኖር እልልታው አይሰማም ነበር፤ ወንበሩ ግን አንድ ነው፣ ሙሽራውም ገብቷል።

በሉ፣ እጃችሁ በወንበሩ ላይ ነው። ማንን «ተቀመጥ» ትሉታላችሁ?